በሰው ቤት የተቀመጠ ዘር

ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ጀርመን በመጣሁበት ዓመት ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት የጆርጂያ ተወላጅ አዛውንት በሬን አንኳኩተው አፈ ሰፊ ጠርሙስ ሰጡኝ። ውስጡ በወተት የተዘፈቀ፣ የተበጣጠሰ የአበባ ጎመን የሚመስል ነጭ ነገር ነበር። የከፊር ዘር መሆኑን ነገሩኝ። እኔም እንደ ሙያዬ ልማድ ዋጋውን ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «ዋጋ የለውም፤ ሲበዛብሽ ለሌላ ሰው ትሰጫለሽ» አሉኝ። ያን ጊዜ ንግግራቸውን የደግ ጎረቤት ቸርነት ብቻ አድርጌ ወሰድኩት። የኢኮኖሚክስ ትምህርትም እንደነበር ለመረዳት ዓመታት ፈጀብኝ።

ከፊር መነሻው የካውካሰስ ተራሮች የሆነ የኮመጠጠ የወተት መጠጥ ነው። ዘር የምንለው በእርግጥ ዘር አይደለም፤ ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ራሳቸው በሠሩት ሙጫ መሰል አካል ውስጥ ተቃቅፈው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህሉን በአንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ጨምሮ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ፣ አንድ ቀን ያህል ከማቀዝቀዣ ውጭ ማቆየት ነው። ከዚያ በወንፊት ይጠለላል፤ መጠጡ ይጠጣል፤ ዘሩ ወደ አዲስ ወተት ይመለሳል። ከሱቅ የሚገዛው ከፊር ብዙውን ጊዜ ተመርጠው በተዘጋጁ ባክቴሪያዎችና እርሾዎች የሚሠራ ስለሆነ ዘር አይወጣውም። ዘር የሚገኘው ከዘር ነው፤ ዘሩም ያለው በሰው እጅ ነው።

ይህ ሥርዓት ለእኔ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር። እናቴ እርሾ ገዝታ አታውቅም። ከቦካው ሊጥ ላይ የሚጠልለውን ቢጫ ውሃ ቀድታ ለቀጣዩ ቡኮ ታስቀምጣለች፤ የጠፋባት ዕለት እኔን ብርጭቆ አስይዛ ወደ ጎረቤት ትልካለች። ጎረቤትም ሲቸግራት ልጇን ወደ እኛ ትልካለች። ያን ምልልስ በደብተር የመዘገበው ማንም የለም። ልዩነቱ፣ እርሾ ቢጠፋ ዱቄትና ውሃ ጥቂት ቀን ከታገሡት ራሱ ይቦካል፤ የከፊር ዘር ግን ከጠፋ ጠፋ።

በደንብ የተመገበ ዘር ይበዛል። የአዛውንቷን አደራ ግን በሚገባ አልተወጣሁም። በበዛብኝ ቁጥር ትርፉን ወደ ቆሻሻ እደፋው ነበር፤ የሰው በር ማንኳኳት ጊዜ ይወስዳል፣ የመመረቂያ ጽሑፌም ፋታ አይሰጠኝም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የሰጠሁት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ለተዋወቅኋት፣ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ለምትተዳደር እህት። እርሷም ብዙ ሳትቆይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች።

ከዚያ አባቴ ታመመ። ሻንጣዬን በአንድ ሌሊት ሸክፌ ወደ አዲስ አበባ በረርኩ፤ ሰባት ሳምንት ቆየሁ። ሆስፒታል ስደርስ ያገኘሁት ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጎረቤቶቻችን ተራ ገብተው ነበር፤ ማን ምሳ እንደሚያመጣ፣ ማን እንደሚያድር ተከፋፍለዋል። ከጀርመን የላክሁት ገንዘብ መድኃኒቱን ገዝቷል፤ ሌሊቱን ከአባቴ አጠገብ ተቀምጦ ያነጋው ግን የጎረቤት ልጅ ነበር። አባቴ ሲሻለው ተመለስኩ። ወጥ ቤት የረሳሁት ጠርሙስ ጥቁርና ብርቱካናማ ሻጋታ ወርሶታል። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ፤ በሩ ላይ ሌላ ስም ተለጥፏል። አዛውንቷ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገብተው ኖሯል፤ ቤቱ ሲለቀቅ ጠርሙሳቸውም አብሮ ተጥሏል።

ያቺን እህት ያስታወስኳት ያኔ ነው። ስደውልላት «ዶክተር፣ የአንቺማ ዘር እኔን አልፎ ስድስት ቤት ገብቷል» ብላ ሳቀች። በቀጣዩ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት በባቡር ተጉዤ ሁለት ማንኪያ ይዤ ተመለስኩ።

ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ታውንሴንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የሦስት የሕንድ መንደሮችን መረጃ መርምረው ነበር። የአንድ ቤተሰብ ፍጆታ ከራሱ ገቢ መዋዠቅ ይልቅ ከመንደሩ አማካይ ፍጆታ ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳዩ። ጥበቃው ሙሉ ባይሆንም፣ የኢንሹራንስ ኩባንያ በሌለበት ሰዎች አንዳቸው ለሌላው ዋስትና ነበሩ። ጥናቱን ለተማሪዎች አስተምሬዋለሁ፤ ቀመሩንም በሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። በባቡሩ ውስጥ ጠርሙሱን በጭኔ ላይ ይዤ ሳስበው ግን ሁለት ነገር ጎልቶ ታየኝ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ዋስትና የሚሠራው አደጋው ሁሉንም በአንድ ቀን ካልመታ ነው፤ የእኔ ጠርሙስ በሻገተበት ሰሞን የእርሷ ደኅና ነበር። ሁለተኛ፣ ዘሩ አስቀድሞ መሰጠት ነበረበት። ከሻገተ በኋላ የሚሰጥ ነገር የለም።

ከዚህ ተነሥቼ ገበያ ይቅር፣ ሁሉም በስጦታ ይሁን አልልም። የከፊር ዘር መስጠት ቀላል የሆነው ትርፉ ካልተሰጠ የሚጣል በመሆኑ ነው፤ የቤት ኪራይና የሆስፒታል ወጪ እንዲህ አይበዙም። ድርቅ አገር ሙሉ ሲመታ እድርም ብቻውን አይበቃም። ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ የእኛ ደመወዝ በአገር ቤት ዝናብ ላይ አይመሠረትም። ይሁን እንጂ ስለ ዳያስፖራ አስተዋጽኦ ስንጽፍ የምንቆጥረው የተላከውን ዶላር ብቻ ነው። እኔም ስቆጥር የኖርኩት እርሱን ነው። በጎረቤቶቻችን ተራ ውስጥ ስሜ አልነበረም፤ ገንዘቤ ቦታዬን የተካ ይመስለኝ ነበር።

በጸደይ ወቅት አዲሱን ከፊር በጠርሙስ ይዤ አዛውንቷን ልጠይቅ ሄድኩ። አሸተቱት፤ ቀመሱት፤ ወተቱ ትንሽ ቀጥኗል ብለው ወቀሱኝ። ከዚያም «ለስንት ሰው ሰጠሽ?» አሉኝ። «ለአንድ» አልኩ፤ አፈርኩ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና «እድለኛ ነሽ፤ የሰጠሻት ሰው ካንቺ ትሻላለች» አሉኝ።

አሁን በማቀዝቀዣዬ በር ላይ ዘሩን የወሰዱ ሰዎች ስም ዝርዝር አለ። ዛሬ ማለዳ አምስተኛውን ጽፌያለሁ፤ በምድር ቤት የሚኖር ወጣት ሶርያዊ ነው። ዋጋውን ጠየቀኝ።