የፓስታው ሒሳብ

በየትኛውም አገር ቢሆን በተማሪ መጽሔት ላይ ስለ ምግብ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አቤቱታ ነው። ወጡ ቀጠነ፥ ዳቦው ደረቀ፥ ሰልፉ ረዘመ ተብሎ ይጻፋል፤ አንባቢም እውነት ነው እያለ ራሱን ይነቀንቃል፤ በማግስቱም ወጡ እንደ ቀጠነ ይቀርባል። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ጠግበን ስላመሸንበት ቀን ነው። አንባቢ እንዳይቀየመን እንለምናለን፤ ከምግቡ ጋራ አንድ ክርክር አብረን በልተናልና፥ ምግቡ ቢወርድልንም ክርክሩ እስከ ዛሬ አልወረደልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስታችን አንዱ ለአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት ተርጉሞ ጥቂት ገንዘብ አገኘ። ይህ ገንዘብ በሻይና በታክሲ ተበታትኖ ከሚያልቅ አንድ ማታ በክብር ይለቅ አለና በፓስታው ስሙ ወደ ገነነ አንድ የጣልያን ምግብ ቤት ወሰደን። ፓስታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከስድስት ኪሎ በር ማዶ ባሉት ትንንሽ ቤቶች በርበሬ በበዛበት ስጎ ተለውሶ፥ በእንጀራ ላይ ተደርጎ የሚመጣው ፓስታ በወር መጨረሻ ስንቱን ተማሪ እንዳቆመው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ዙሪያ እንደ ተቀመጥን የምግቡ ዝርዝር መጣልን። በጣልያንኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ አንዲት የአማርኛ ፊደል ግን አልነበረበትም። ለእኛ ፓስታ ማለት ረጅሙ ነው፤ አጭሩ መኮሮኒ ነው፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል። የቋንቋ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ግን ስሙን እየተረጎመ ያነብልን ጀመር፤ ስፓጌቲ ቀጫጭን ገመድ ነው፤ ፋርፋሌ ቢራቢሮ ነው፤ ኦሬኪዬቴ ትንንሽ ጆሮ ነው፤ ሊንጉዊኔ ትንንሽ ምላስ ነው፤ ቬርሚቼሊ ትንንሽ ትል ነው። ጆሮም ምላስም ከመጣ ስብሰባው ተሟላ ብለን ሳቅን።

ሁላችን ስንስቅ አንዱ አልሳቀም። ዝርዝሩን ገልብጦ አስቀመጠና «እናንተ እዘዙ፤ እኔ ውኃ ይበቃኛል» አለ። ምነው ብንለው ቀስ ብሎ ተናገረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነው፤ ያም ግቢ ዛሬ እኛ ደብተር ይዘን የምንመላለስበት ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን ጭፍጨፋ የሚያስታውሰው ሐውልት ከበራችን ፊት ለፊት ቆሟል። የጓደኛችን ቅድመ አያት በእነዚያ ሦስት ቀናት ከቤታቸው ወጥተው አልተመለሱም። «በምሳ ሰዓት ፓስታ እበላለሁ» አለ፤ «እሱ የእኛ ሆኗል። እዚህ ግን ሥዕሉም ዘፈኑም ስሙም የእነሱ ነው፤ ያን ደግሞ በውድ ዋጋ ልገዛው አልፈልግም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ከዚያም የታሪኩ ተማሪ እንዲህ ሲል መለሰለት። ፓስታ ፋሺስቶች ከመወለዳቸው በፊት የነበረ ነው፤ የአረቡ ጂኦግራፊ ሊቅ አል ኢድሪሲ በ1154 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሲሲሊ ደሴት ትራቢያ በሚባለው ስፍራ እየተሠራ በመርከብ ወደ ብዙ አገር ይላክ እንደ ነበር ጽፏል። ይልቁንም የፋሺስቶች ወዳጅ የነበረው ባለቅኔ ማሪኔቲ በ1930 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፓስታ ሰውን የሚያፈዝና ለጦርነት የማያመች ምግብ ስለ ሆነ ከኢጣልያ ይጥፋ ብሎ ዐዋጅ አወጣ፤ ይኸው ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ በፈቃዱ ዘምቶ አገራችንን ሊወጋ መጣ። «እንግዲህ ሊወጋን የመጣው ሰው የጠላውን ምግብ እኛ ብንበላ የምንጎዳው ማንን ነው?» አለ።

ነገሩ አሳቀን። ያም ጓደኛችን ፈገግ አለ፤ አሳቡን ግን አልለወጠም። «አትብሉ አላልኳችሁም፤ እያወቃችሁ ብሉ ነው ያልኳችሁ» አለ። በጾም ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ያለበትን እኛም በየቤታችን እንሠራለን ብለን ስንለምነው እርሱን አዘዘ። በኋላ እንደ ተረዳነውም ይህ በኢጣልያ ጓዳው የጎደለበት ሰው የሚሠራው ምግብ ነው።

ምግቡ መጣ። ጠንከር ያለ ነበርና አንዱ «ጋሼ፥ ይህ ገና አልበሰለም መሰለኝ» ብሎ አስተናጋጁን ጠየቀ። እርሳቸውም ሳይንቁን ጣልያኖች ለጥርስ የሚሉት አበሳሰል ይህ መሆኑን፥ ጥርስ ሲነክሰው ትንሽ እንዲታገል ሆኖ ከውኃው መውጣት እንዳለበት ነገሩን። ሰፋ ያለው ታሊያቴሌ ግን ለስላሳ ነበር፤ ሥጋው ብዙ ሰዓት የበሰለ፥ ስጎውም በላዩ የማይፈስ ነው። ሳህኑን በዳቦ ስንጠርግ ደግሞ አላፈርንም፤ ጣልያኖችም ይህን ያደርጉታል፤ ስም እንኳ አውጥተውለት ትንሿ ጫማ ይሉታል።

ከመካከላችን አንዱ የባሌ ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ስንዴ ያርሳሉ። ዱቄቱ ከየት እንደ ሆነ ጠየቀ። አስተናጋጁ ወደ ማድ ቤት ገብተው ወጥ ቤቷን ይዘው ወጡ። ጣልያናዊ ሽማግሌ ስንጠብቅ የመጡት ሻሽ ያሰሩ የእኛው አገር እናት ናቸው። «ዱቄቱ ከኢጣልያ ነው የሚመጣው ልጆቼ» አሉ። «እትዬ፥ ፓስታውን ማን አስተማረዎት?» ብንላቸው፥ «ጣልያን አገር አይቼ አላውቅም፤ እጄ ግን ሠላሳ ዓመት አይቶታል» አሉን። በእንቁላል የሚለወሰው ፓስታ ከለስላሳ ስንዴ እንደሚሠራ፥ ደረቁ የፓኬት ፓስታ ግን ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ መሆኑን አስረዱን። ኢጣልያም በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደረቁ ፓስታ ከዱረም ብቻ እንዲሠራ በሕግ ደንግጋለች።

የባሌው ልጅ ይህን ሰምቶ ዝም አለ። የአባቱ ስንዴ ዱረም ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጥቶ ዘር ከሰበሰበ ወዲህ ኢትዮጵያ በዱረም ዓይነት ብዛት በዓለም የታወቀች ናት። «አባቴ ስንዴ ሲሸጥ እንጂ ከስንዴው የተሠራ ፓስታ ሲበላ አይቼው አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

ሒሳቡ መጣ። የአንዱ ሳህን ዋጋ ከበራችን ማዶ ዐሥር ሳህን ይገዛል፤ 15 በመቶ ታክስም ተጨምሮበታል። ጋባዣችን ሳይሳቀቅ ከፈለ፤ እኛም በእግራችን ተመለስን። በመንገድ ላይ የተረዳነው ግን ያ ወረቀት የሒሳቡ ሁሉ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። የየካቲት 12 ሒሳብ በፓስታ አይከፈልም፤ ፓስታ ባለመብላትም አይከፈልም፤ ያን ለማስታወስ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል፤ እርሱም የእኛ የተማሪዎች ነው። የእትዬ እጅና የባሌው ገበሬ ስንዴ ደግሞ በዚያ ዝርዝር ላይ ስማቸው አልተጻፈም። ሥልጣኔ የሚባለው ነገር የሰውን ምግብ በሹካ መጠቅለል ብቻ ሳይሆን፥ ማን እንዳረሰው፥ ማን እንዳቦካው መጠየቅ ጭምር ይመስለናል።

ለምግብ ቤቱ ባለቤትም አንድ ልመና አለን። እባክዎ ዝርዝሩን በአማርኛም ያጽፉልን። ተርጓሚ የጠፋ እንደ ሆነ ከመካከላችን አንዱ ገንዘቡን ጨርሷልና ሥራ ይፈልጋል።