ስለ ቶካይ ወይንና ስለ አሮጌ ወረቀት

በሀንጋሪ አገር ትምህርቱን ፈጽሞ የተመለሰ አንድ ወዳጃችን ባለፈው የገና በዓል ከቤቱ ጋብዞን ሳለ፣ ማር የመሰለ የወይን ጠጅ በትንሽ ብርጭቆ ቀዳልን። እጅግ ጣፋጭ ሲሆን፣ በስተኋላው ግን እንደ ሎሚ ያለ ኮምጣጣነት ስላለው አፍን አያጣብቅም። «ይህ የተጠመቀው ከሻገተ ፍሬ ነው» ባለን ጊዜ ብርጭቆውን ልናስቀምጥ ምንም ያህል አልቀረንም።

ወዳጃችን ግን ሳቀና ነገሩን አስረዳን። ወይኑ ቶካይ ይባላል። በሰሜን ምሥራቅ ሀንጋሪ፣ የቦድሮግና የቲሳ ወንዞች በሚገናኙበት አካባቢ፣ በመከር ወራት ጧት ጧት ጉም ከወንዞቹ ይነሣል፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ትወጣለች። በጉሙ ጊዜ ቦትራይቲስ የተባለው ሻጋታ በበሰለው ፍሬ ላይ በቅሎ ልጣጩን ይበሳሳዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ይተንናል፤ ስኳሩና ኮምጣጣው ግን በፍሬው ውስጥ ይከማቻል። ዝናብ በዝቶ ፀሐይ ከታጣች ያው ሻጋታ ፍሬውን አበስብሶ ያጠፋዋል። ስለዚህ ለቃሚዎቹ «አሱ» የሚባለውን የተጨማደደ ፍሬ አንድ በአንድ እያዩ ይመርጣሉ፤ ለዚሁም ወደ ተክሉ ደጋግመው ይመለሳሉ። በጥንቱ ልማድ ፍሬው የሚሰፈረው 25 ኪሎ ያህል በሚይዝ፣ ፑቶኝ በተባለ፣ በጀርባ በሚታዘል ዕቃ ነበር፤ 136 ሊትር በሚይዘው በርሜል ውስጥ የገባው የፑቶኝ ብዛት የጣፋጭነቱን ደረጃ ያስታውቅ ነበር።

ስለ አጀማመሩ ሲተረክ፣ በ1630 እ.ኤ.አ. ገደማ ሴፕሺ ላትስኮ ማቴ የተባለ ሰባኪ ጦርነትን ፈርቶ ለቀማውን ቢያዘገየው ፍሬው ሻገተ፤ እርሱም ሳይጥል ጠመቀው ይባላል። ነገር ግን በ1571 እ.ኤ.አ. የተጻፈ የንብረት ሰነድ የአሱን ወይን በስሙ ይጠራዋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ተረት ያረመው አንድ ያረጀ ወረቀት ነው።

ይህን ስንሰማ ጠጁ በጉሮሮአችን አልወርድ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምንሠራበት መሥሪያ ቤት አሮጌ መዛግብትን ለማስወገድ የተቋቋመ ኮሚቴ አባል ነበርን። ምድር ቤቱ ያፈስ ስለነበረ ወረቀቱ ሻግቷል። ከበሩ ላይ አፍንጫችንን ይዘን ቆመን፣ «የበሰበሰ ስለሆነ ይቃጠል» በሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ ፈረምን። አንድም ፋይል አልገለጥንም።

በሦስተኛው ወር ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት እናት መጡ። ለጡረታ ጉዳይ የሟች ባላቸውን የአገልግሎት ዘመን የሚያስረዳ ማስረጃ ተጠይቀዋል። «ልጄ፣ እባክህ ፈልግልኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ነው የሠሩት» አሉን። መዝገቡ እንደሌለ ነገርናቸው፤ በማን እጅ እንደጠፋ ግን አልነገርናቸውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አበው፤ ከእሳት የሚለቀም ግን የለም።

ከበዓሉ በኋላ እኒያን እናት አፈላልገን እውነቱን ነገርናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱን፤ ቀጥሎም «ታዲያ አሁን ምን ይደረግ?» አሉ። ከባላቸው ጋር ይሠሩ የነበሩ ሁለት ጡረተኞችን ይዘን የምስክርነት ቃላቸው እንዲጻፍ አደረግን። ጉዳዩ ገና ውሳኔ አላገኘም።

የሻገተ ፍሬ ሁሉ ወይን አይሆንም፤ የሻገተ ወረቀትም ሁሉ አይጠቅምም። ለይቶ የሚያውቀው ግን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ብቻ መሆኑን፣ የሥራ ባልደረቦቻችን ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት እንድታስቡበት እንለምናለን።