ያመለጡንን ማን ይቁጠር?

መቼም «ፊዚክስ ተምራችሁ ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ ያልጠየቀን ጎረቤት የለም። እንቆጥራለን እንላለን። ቀልድ አይደለም፤ የመመረቂያ ሥራችን ቆጠራ ነበር። ሦስት ሆነን የጋይገር መቁጠሪያ ከአሮጌ ኮምፒውተር ጋር አገናኘን። ጨረር በመታው ቁጥር ፕሮግራማችን ሰዓቱን ዲስክ ላይ ይጽፋል። በቃ።

የጨረሩን ምንጭ በግማሽ ርቀት ስናቀርበው ቆጠራው አራት እጥፍ መሆን ነበረበት። ሁለት እጥፍ ብቻ ሆነ። ገመድ ቀየርን፣ ምንጩን ጠረጠርን፣ እርስ በርሳችንም ተጠራጠርን። ጽሑፉን የምናቀርብበት ቀን ሲደርስ የቅርቡን ርቀት ቁጥሮች ከሰንጠረዡ አወጣናቸው። ተመረቅን።

ነገሩ ሠርግ በር ላይ ስም እንደሚመዘግብ ሰው ነው፤ አንዱን ጽፎ ቀና እስኪል ሌሎቹ ገብተው ተቀምጠዋል። ኮምፒውተራችን አንዱን ለመጻፍ 5 ሺኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። በሰከንድ 100 ሲመጣ 67 ያህሉን ይይዛል፤ 400 ሲመጣ 133ቱን ብቻ። ባለሙያዎቹ «የሞተ ጊዜ» ይሉታል።

ይህን ያስታወሰን ስዊዘርላንድ፣ ፖል ሼረር ኢንስቲትዩት ያለው ሚውዝ የተባለ ሙከራ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮን ፈንታ ሙኦን በገባበት ሃይድሮጅን የተደረገ ልኬት የፕሮቶንን ራዲየስ 0.84 ፌምቶሜትር አደረገው፤ ቀድሞ የሚታወቀው 0.88 ገደማ ነበር። ለ4 በመቶ ልዩነት ዓለም ተጨቃጨቀ። በ2019 በአሜሪካው ጀፈርሰን ላብ ኤሌክትሮን በትነው 0.831 አገኙ። ሚውዝ ሙኦንንም ኤሌክትሮንንም በአንድ መስመር ልኮ፣ ከፕሮቶን ጋር ተጋጭተው ሲበተኑ ለማወዳደር የተሠራ ነው።

ማፋጠኛው በየ20 ናኖሰከንዱ ገደማ ይመታል፤ ሙኦኑ ከኤሌክትሮኑ ስለሚዘገይ የደረሰበት ቅጽበት ማንነቱን ያጋልጠዋል። በሰከንድ ሚሊዮኖች ይመጣሉ፣ ሁሉን መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ኤፍፒጂኤ የሚባሉ ቺፖች የተበተነውን ይመርጣሉ፣ ሳይነካ ያለፈውን ይጥላሉ። ደግነቱ፣ እንዲህ ያለውን ሲስተም የሚሠራ ሰው ጸሐፊው ሥራ ሲበዛበትም የማይቆም ሌላ ቆጣሪ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ስንቱ እንዳመለጠው ካላወቀ 4 በመቶን ምን ብሎ ይከራከርበታል?

ባለፈው የድሮውን ደብተር አውጥተን የደበቅናቸውን ቁጥሮች የሞተውን ጊዜ አስበን አሰላናቸው። አራት እጥፍ መጡ። አማካሪያችን ይህን አያውቁም። ማን ይደውልላቸው በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።