ከቀብሪበያ እስከ ኤረር በር



ከቀብሪበያ እስከ ሐረር ያለው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ጅግጅጋ 50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ ከጅግጅጋ ወዲያ ያለው ደግሞ ከመቶ ብዙም አይርቅም። ነጋዴዎቻችን በየሳምንቱ ይመላለሱበታል። ይሁንና በማስተምርበት ክፍል «ሐረርን ያየ እጁን ያውጣ» ብዬ ስጠይቅ እጃቸውን ካወጡት ልጆች አብዛኞቹ በሽተኛ ይዘው ወይም ለዘመድ ለቅሶ የሄዱ ነበሩ። ጀጎልን ልየው ብሎ የሄደ ከሁለት አይበልጥም። ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ራሴ ሠላሳ ዓመት እስኪያልፈኝ ድረስ ከእነርሱ የተለየሁ አልነበርኩም።

ባለፈው ዓመት እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። እናቴ ሐረርን የምታውቃት በጆሮዋ ነው። አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ በልጅነታቸው ከግመል ነጋዴዎች ጋር በእግራቸው ሐረር ገብተው ኪታብ የቀሩ ሰው ነበሩ። ሌሊት ደርሰው ከግንቡ ውጪ ከግመሎቹ ጎን እንዳደሩ፣ ሲነጋ በኤረር በር እንደገቡ፣ ከበሩ ሲያልፉም መጀመሪያ የሰሙት ድምፅ ቁርኣን የሚቀሩ ሕፃናት ድምፅ እንደነበረ ለልጃቸው ደጋግመው ያወጉላት ነበር። እናቴም ዕድሜዋ ሲገፋ፣ ጉልበቷ ሲከዳት፣ «በዚያ በር አንድ ጊዜ ልግባ» ማለት ጀመረች።

ያ ጉዞ አልተሳካም። ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። ከቀብሪበያ የተነሣነው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ጅግጅጋ ላይ መኪና ለወጥን፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን፤ መንገድ ላይ ደግሞ በየኬላው ፍተሻ ነበር። ሐረር ስንደርስ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል። የወረድንበት መናኸሪያ ከግንቡ በስተምዕራብ ሲሆን ኤረር በር ያለው በምሥራቅ በኩል ነው። ሶላት ሰግደን፣ ምሳ በልተን እስክንጨርስ ፀሐዩ ከረረ፣ የእናቴ ጉልበትም እምቢ አለ። ጨለማ መንገድ ላይ እንዳይዘን ስለፈራን 9 ሰዓት ላይ ተመለስን። ሆዮ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ጅግጅጋ እስክንገባ ድረስ ሙስበሓዋን ስትቆጥር ቆየች።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን ቁጭ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። ጥፋቱ የመንገዱም የከተማዋም አልነበረም፤ የሰዓቱ ነበር። ሐረር የማለዳ ከተማ ናት። ከንጋት እስከ ቀትር ከገጠር የሚመጡ የኦሮሞ እናቶች አትክልት፣ ፍራፍሬና ማገዶ ተሸክመው በበሮቿ ይገባሉ፤ ሱቆች አንድ በአንድ ይከፈታሉ፤ ጠባቦቹ መንገዶች ገና ጥላ አላቸው። ከዙህር በኋላ ግን ሙዚየሞች ለምሳ ይዘጋሉ፤ ብዙው ሰው ደግሞ፣ አንባቢ ያውቀዋልና ማብራራት አያስፈልገኝም፣ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለኡመታቸው በማለዳው ጊዜ በረካ እንዲደረግላቸው ዱዓ ማድረጋቸውን መድረሳ ሳለሁ ተምሬያለሁ። ትምህርቱ የገባኝ ግን ያን ቀን መናኸሪያው ላይ ቆሜ ሰዓቴን ስመለከት ነው።

በመሆኑም ዘንድሮ እንዲህ አሰብን። ዋዜማውን ጅግጅጋ ዘመድ ቤት ማደር፤ ይህ ብቻውን የማለዳውን 50 ኪሎ ሜትር ይቀንሳል። ሚኒባስ እስኪሞላ ከመጠበቅ ይልቅ ከጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ኮንትራት መያዝ። ፈጅርን ጅግጅጋ ሰግዶ ወዲያው መነሣት፤ ቁርስ መንገድ ላይ አለመቆም፤ ላሖህና ሻይ በቴርሞስ መያዝ። መታወቂያ አለመርሳት፤ ለዘመድ ስጦታ ተብሎ ያልተፈታ አዲስ ጨርቅ ይዞ ከፈታሾች ጋር አለመከራከር። ቀኑንም ከጁሙዓ ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። ጁሙዓን በሐረር ጃሚዕ መስጊድ መስገድ የሚሻ ሰው ጁሙዓን ይምረጥ፤ ሆኖም በዚያ ዕለት ሌላ ብዙ ነገር አያለሁ ብሎ አያቅድ።

ከእኛ ጋር የእህቴ ልጅ ነበረች፤ 15 ዓመቷ ነው። ዋዜማው ማታ ስለ ግንቡ ስናወራ ስልኳን ከፍታ ፒንግያኦ የምትባለውን ጥንታዊ የቻይና ከተማ ፎቶ አሳየችኝ። «አብቲ፣ ግንብ ማለት ይህ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። የፒንግያኦ ግንብ አሁን ባለው መልኩ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1370 በሚንግ ነገሥታት ዘመን ሲሆን ዙሪያው 6 ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ነው። የእኛው ጀጎል ቁመቱ 4 ሜትር፣ ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ በውስጡ ያለው መሬትም 48 ሄክታር ብቻ ነው። ፒንግያኦ በ1997፣ ጀጎል ደግሞ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

«በዚያች 48 ሄክታር ውስጥ ግን 82 መስጊዶች አሉ» አልኳት፣ ላለመሸነፍ ያህል።

«እና ሰማንያ ሁለቱንም በአንድ ቀን ልናያቸው ነው?»

ጥያቄዋ አሳቀኝ፤ ነገር ግን ዕቅዱን ያስተካከለልኝ እርሱ ነው። በወረቀት ላይ አሥር ቦታ ጽፌ ነበር። ስድስቱን ሰረዝኩ።

ቅዳሜ ፈጅር እንደተሰገደ ተነሣን። ካራማራ ተራራ ላይ ስንወጣ ከኋላችን የጅግጅጋ ሜዳ ነጣ፤ ፋፈንን አልፈን ዳካታ ሸለቆ ስንደርስ ፀሐይዋ ወጣች። አንዱ ቋጥኝ በሌላው ላይ ሊወድቅ የደረሰ መስሎ የተቀመጠበትን ያንን ሸለቆ ብዙዎቻችን ተኝተን እናልፈዋለን። ድንጋዩን እንዲያ የቀረጹት ዝናብ፣ ነፋስና ብዙ ሺህ ዓመታት ናቸው። በማለዳ ጥላው ረጅም ስለሚሆን ከቀትር ይልቅ ያን ጊዜ ያምራል። ሾፌሩን ለአምስት ደቂቃ አስቆምነው። ባቢሌ ላይ ለውዝ ሻጮቹ ከበቡን፤ ለመልስ እንዲቆዩልን ቃል ገብተን አለፍን። ቢሲዲሞን አልፈን 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሾፌሩ እንደተስማማነው ወደ መናኸሪያው ሳይሄድ ከኤረር በር ፊት ለፊት አወረደን።

ሐረሪዎች ይህን በር አርጎብ በሪ ይሉታል፤ «በሪ» በቋንቋቸው በር ማለት ነው። የቀሩት ጥንታውያን በሮች አሱም በሪ፣ በድሪ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪና አስመዲን በሪ ናቸው። ኢማም አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1543 ካለፉ በኋላ ከተማይቱ ከየአቅጣጫው ጥቃት ሲያሰጋት ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። አምስት በር ብቻ ነበር የነበረው፤ መኪና የሚገባበት ስድስተኛው በኋላ የተጨመረ ነው። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ሲመሽ ይቆለፉና ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ቤት ይወሰዱ ነበር። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊም እ.ኤ.አ. በ1855 በዚህ በኤረር በር በኩል ገብቶ አሥር ቀን ቆይቷል፤ አውሮፓውያን መጻሕፍት ይህንን እንደ ታላቅ ገድል ይተርኩታል። ያለ ጠመንጃና ያለ አስተርጓሚ በዚሁ በር ሲገቡ ስለኖሩት የግመል ነጋዴዎችና ደረሳዎች ግን የሚተርክ ብዙ የለም።

እናቴ ከመኪናው ወርዳ ቆመች። ባጃጆች ይጮኻሉ፤ ጎመንና ማንጎ የዘረጉ ሴቶች በኦሮምኛ ይጠራሉ፤ አንዲት አህያ መንገዱን ዘግታለች። ጥቂት ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብላ ቀኝ እግሯን አስቀድማ ገባች። እኔ ክንዷን ልይዝ ስል እጄን ገፋችው።

ከኤረር በር ወደ ውስጥ ያለው መንገድ ዳገት ነው። በየሃያ እርምጃው እያረፍን ወጣን። እንዲህ ቀስ ብሎ መሄድ ጥቅም አለው፤ የእህቴ ልጅ ከግንቡ ሥር ያለውን ዝቅተኛ ቀዳዳ ያየችው ሆዮ ስታርፍ ነው። ጅቦች ማታ ማታ እየገቡ ቆሻሻ እንዲያጸዱ የተተወላቸው መግቢያ መሆኑን ስነግራት «ፒንግያኦ የጅብ በር የላትም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ቀጥሎ አንድ የሐረሪ ቤት አየን። ጎብኚ የሚቀበሉ ቤቶች ስላሉ አስቀድሞ በሰው መጠየቅ ይበጃል። ባለቤቲቱ እናቴ ሱማሌ መሆኗን እንዳወቀች በሱማልኛ ተቀበለቻት። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጡ ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ የሚሉ ነደባ የሚባሉ መቀመጫዎች አሉት፤ ቁጥራቸው አምስት ነው፣ እያንዳንዱም የማን መቀመጫ እንደሆነ የታወቀ ነው። አባወራው የሚቀመጥበት አሚር ነደባ ይባላል። ግድግዳው በሰፌድና በሸክላ ሳህን ተሸፍኗል፤ ወለሉ በቀይ አፈር የተቀባው እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ እንዳለች ያመለክታል። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ አየችና ወዲያው አንገቷን ደፋች። ሆጃ፣ ማለት የቡና ገለባ ከወተት ጋር ተፈልቶ፣ ቀረበልን። እናቴ ለሴትዮዋ የአባቷን ነገር አወራቻት።

«አይ እህቴ፣» አለች ሴትዮዋ፣ «ከኋላችን ባለው መንገድ ሕፃናት ይቀራሉ፤ ግን ከፈጅር በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይበተናሉ።»

በሩብ ሰዓት አመለጠን ማለት ነው።

ከዚያ ወደ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ሄድን። አብዱላሂ ሸሪፍ የሐረርን ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና የዜማ ቅጂዎች ለረጅም ዓመታት ከየቤቱ የሰበሰቡ፣ የተጎዱ ኪታቦችን መጠገንና መደጎስ የተማሩ ሰው ናቸው። ልጆች ያላችሁ ወላጆች ሌላ ሁሉ ቢቀርባችሁ ይህ አይቅርባችሁ እላለሁ። የእህቴ ልጅ ሳንቲሞቹ ዘንድ ቆማ በአሚሮቹ ዘመን ሐረር የራሷን ገንዘብ ትሠራ እንደነበር ስታነብ ስልኳን ከቦርሳዋ አላወጣችም። እናቴ በበኩሏ ማንበብ አትችልም፤ ግን አንድ ገጹ የተበላ ቁርኣን ፊት ለፊት ተቀምጣ አልነሣም ብላን ብዙ ቆየች። ለዚህ ስንል መኪና ግርግርን በሩጫ ነው ያለፍነው። በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ስሙን ያገኘ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጠዋት ጨርቁን ሰጥቶ ቀትር ላይ መውሰድ ይችላል።

ዙህርንና ዐስርን እንደ መንገደኛ አሳጥረንና አጣምረን ሰገድን፤ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ካራማራን በብርሃን ለማለፍ የሚሻ ከዚህ በላይ መቆየት የለበትም። ስለዚህ ማታ ከግንቡ ውጪ ጅቦች ሲመገቡ ማየት በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ አይገባም፤ ልጆቻችሁን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ አልተናገርኩም ነበርና እስከ ቢሲዲሞ ድረስ ኩርፊያ ተሸከምኩ።

ባቢሌ ላይ ቃላችንን ጠብቀን ለውዝ ገዛን። እናቴ ልጣጩን እየፈለፈለች ለእህቴ ልጅ ትሰጣታለች።

«ሹዋሊድ መቼ ነው?» አለችኝ ድንገት።

የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ተከትሎ ሐረሪዎች የሚያከብሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። ነገርኳት።

«ያን ጊዜ እዚያው እናድራለን» አለች። «እሷ ጅቧን ታያለች። እኔ ፈጅርን እሰግድና ከዚያች ሴት ቤት ኋላ እቀመጣለሁ።»

ጅግጅጋ ስንገባ ማግሪብ አዛን ይል ነበር። ለሹዋሊድ የሚሆነውን ገንዘብ ከዚያው ሳምንት ጀምሮ በቆርቆሮ ማስቀመጥ ጀምረናል፤ ቁልፉ ሆዮ ዘንድ ነው።