ዳኛው ማን ነው?

የክሪፕቶ ሰዎች «ኮዱ ራሱ ሕግ ነው፤ ዳኛ አያስፈልግም» ይላሉ።

እ.ኤ.አ. በጁን 2016 ግን «ዘ ዳኦ» ከተባለው የጋራ ፈንድ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር በኮዱ ቀዳዳ ተዘረፈ። በቀጣዩ ወር የኢቴሪየም መዝገብ ተቀይሮ ገንዘቡ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ ተደረገ። ያልተስማሙት በአሮጌው መዝገብ «ኢቴሪየም ክላሲክ» ብለው ቀጠሉ።

በኖቬምበር 2017 ደግሞ በፓሪቲ ዋሌት ስህተት ከ500 ሺህ በላይ ኢተር ተቆለፈ። ይከፈትልን የሚለው ጥያቄ ግን ተቀባይነት አላገኘም።

ሁለቱም የኮድ ስህተት ናቸው፤ ፍርዱ ግን ለየቅል ሆነ። ስለዚህ ዳኛ አለ፤ ስሙ ያልተጻፈ፣ ይግባኝ የማይባልበት ዳኛ። ገንዘቡን እዚያ የሚያስቀምጥ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት፣ ችግር ሲመጣ ማን እንደሚወስን ይጠይቅ።