ቤት የምናሻሽጥ ሰዎች በፕራይመሪ ቀን የት ነን?

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በተለይም በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ቤት በማሻሻጥ የምንተዳደር ኢትዮጵያውያን ብዙ ነን። እርስዎም ከእኛ አንዱ ይሆናሉ። ካልሆኑም ባለቤትዎ፣ እህትዎ፣ ወይም የሚኖሩበትን ቤት ያገዛዎት ሰው ይሆናል። ስለ ወለድ ሲጠይቁን ከእንቅልፋችን ነቅተንም ቢሆን እንመልሳለን። ስለ ካውንቲው ምክር ቤት ሲነሳ ግን «እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» ብለን ወሬውን እንቀይራለን። እንጀራችን ያለው ግን እዚያው ነው።

በኖቬምበር የሚደረገው ምርጫ ሲደርስማ እንሄዳለን፤ ቴሌቪዥኑም፣ ልጆቹም ያስታውሱናል። የምንዘነጋው ከዚያ በፊት ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበትን ፕራይመሪውን ነው። በሞንትጎመሪ ዋናው ፍልሚያ ደግሞ እሱ ነው። ከ1978 ምርጫ ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመታት በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው) ካውንቲውን የመሩት ሁሉ ዴሞክራቶች ናቸው። በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ያሸነፈ ሰው በኖቬምበር የሚሸነፍበት ዕድል ጠባብ ነው።

አሁን ቁጥሩን ይመልከቱት። በ2018 ፕራይመሪ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን የቀደሙት በ77 ድምፅ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሁለቱ ዳግም ተገናኙ፤ ድምፁ እንደገና ተቆጥሮ ልዩነቱ 32 ሆነ። ሠላሳ ሁለት! ያውም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት ካውንቲ። በእኛ አገር ሰው ዘንድ 32 እንግዳ የመጣበት ክርስትና «ሰው ቀረ» ተብሎ ይታማል። የአንድ ትልቅ ቢሮ ኤጀንቶች ብቻ ከዚህ ይበዛሉ። ማን ማሸነፍ ነበረበት እያልኩ አይደለም፤ እኔና እርስዎ በዚህ ላይ ላንስማማም እንችላለን። የምለው ያን ዕለት ቤት ማሳየት ላይ ስለነበርነው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ያውቁታል። በ2023 ምክር ቤቱ የቤት ኪራይ ጭማሪ ላይ ገደብ የሚጥል ሕግ አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች ላይ የዓመቱ ጭማሪ ከዋጋ ንረቱ በሦስት በመቶ ይበልጣል እንጂ ከዚያ አያልፍም፤ በምንም መንገድ ደግሞ ከስድስት በመቶ አይዘልም። አዳዲስ ሕንፃዎችና በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የማይበልጥ የሚከራይ ቤት ያላቸው ግለሰቦች ነፃ የሚሆኑበት አንቀጽ አለው። ተከራይ የሆኑ ወገኖቻችን እፎይ አሉ። «አንድ ኮንዶ ገዝቼ ላከራይ» ብለው የተነሱ ደንበኞች ግን ደነገጡ፤ አንቀጹን አንብቦ «አንተን አይመለከትህም» የሚላቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚያው ዓመት የፕሮፐርቲ ታክሱ ከፍ አለ። ቤት ሲገዛ የሚከፈለው ሪኮርዴሽን ታክስም ዋጋው ከ600,000 ዶላር በሚያልፈው ክፍል ላይ ተጨመረ። ክሎዚንግ ላይ ደንበኛው ወረቀቱን እያገላበጠ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ሲልዎት፣ መልሱ ያለው በምክር ቤቱ አሥራ አንድ ወንበሮች ላይ ነው። ከእነዚህ አራቱን የካውንቲው መራጭ ሁሉ ይመርጣቸዋል፤ ሰባቱን እንደየወረዳው።

ለምን እንደማንሄድ ይገባኛል። የሜሪላንድ የካውንቲ ፕራይመሪ በተለመደው ጊዜ የሚውለው ጁን ላይ ነው። ጁን ማለት ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተሰብ ሁሉ «ልጆቹ ሳይጀምሩ እንግባ» የሚልበት ወር ነው፤ የዓመቱን ገቢያችንን የምንለቅመው ያኔ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቤት ፍተሻ፣ ከሰዓት ክሎዚንግ፣ ማታ ኦፈር መጻፍ። ይሁን እንጂ በሜሪላንድ ከምርጫው ቀን በፊት ስምንት ቀን ሙሉ ድምፅ መስጠት ይቻላል፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ። በሚኖሩበት ካውንቲ ውስጥ ካሉት የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ጣቢያዎች በፈለጉት መምረጥ ይችላሉ። ድምፅ መስጫው በፖስታ እንዲላክልዎት መጠየቅም አለ፤ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቡና ይዘው፣ ስለ እያንዳንዱ ዕጩ አንብበው ይሞሉታል።

ብዙዎቻችንን የሚጥለን ሌላ ነገር ነው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ፓርቲ ሲጠይቁን «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት አድርገን ወጥተናል። በአገራችን በፓርቲ ስም መመዝገብ ምን ሊያስከትል እንደሚችል እናውቃለና! ግንቦት 7 ቀን 1997 ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ የመረጠ፣ የኋላውንም ያየ ሰው «ምን ያደርግልኛል» ቢል አልፈርድበትም። እዚህ ግን ፓርቲ ያልመረጠ ሰው በሜሪላንድ ፕራይመሪ የካውንቲ መሪም ሆነ የምክር ቤት ዕጩ መምረጥ አይችልም፤ የሚደርሰው እንደ ትምህርት ቦርድ ያለው ከፓርቲ ውጭ የሆነው ክፍል ብቻ ነው። ፓርቲ መምረጥ ወይም መቀየር የሚቻለውም ምርጫው ሦስት ሳምንት እስኪቀረው ድረስ ነው። ድምፅ መስጫው ጋ ደርሶ «ቀይሩልኝ» ማለት የለም። ቨርጂኒያ ያላችሁ በዚህ ተገላግላችኋል፤ እዚያ በፓርቲ መመዝገብ ስለሌለ ከሁለቱ የአንዱን ወረቀት ጠይቆ መምረጥ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ዜግነት ለወሰዳችሁ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ በእነዚህ ምርጫዎች መመዝገብም ሆነ መምረጥ ከአገር እስከማስወጣት የሚያደርስ ነገር ስለሆነ፣ ያልጠየቀ ደንበኛችሁን «አንተም ተመዝገብ» ብላችሁ እንዳታጣድፉ። ማንን እንደምትመርጡም በመኪናችሁ ይዛችሁት ለምትዞሩት ገዢ አትንገሩት፤ ቤት ሊያይ ነው የመጣው። እርስ በርስ ግን እንነጋገር። ዕጩዎቹ ለቅስቀሳ ወደየሠፈሩ ሲመጡ ስለ ኪራይ ገደቡ፣ ስለ ሪኮርዴሽን ታክሱ፣ ወጣት ቤተሰብ አቅሙ የሚችለው ቤት የት እንደሚሠራ እንጠይቃቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትሠሩ ከሆነ ሲቪክ ሕንፃው የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል፤ ጣቢያዎቹን ካረጋገጣችሁ በኋላ በሁለት ቀጠሮ መሐል ደርሶ መምጣት ይቻላል። መኪና ማቆሚያ ግን ቀደም ብላችሁ ፈልጉ።