የአንድ መወርወሪያ እንጀራ

አባቴ በአዲስ አበባ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔ ነበር። ተማሪ ቤት ሳለሁ የአባቴን ሥራ ስጠየቅ ግን «ነጋዴ ነው» እል ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ በ1900 ዓ.ም. ቢያስነግሩም፣ ስድቡ ከአፍ ወርዶ በልብ ቀርቶ ኖሮ፣ እኔም ባደግሁበት እንጀራ አፈርሁ።

ዛሬ ሳስበው፣ አባቴ እግሩን አስገብቶ የሚሸምንባት ያች ጉድጓድ ስንቱን ታበላ ነበር! ጥጥ የሚያመጣው ነጋዴ፣ ማጉን በእንዝርት የሚፈትሉት ሴቶች፣ መወርወሪያውን የሚጠርበው አናጢ፣ ነጠላውን ገበያ የሚያወጣው ቸርቻሪ፣ ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። ይህም የሆነው አባቴ በራሱ ገንዘብ ደፍሮ ድሩን ስለ ዘረጋ ነው። ሸማው ሳይሸጥ ቢቀር ግን ኪሳራው የእርሱ ነበር።

ይህን እያወቅሁ፣ ሹመት ባገኘሁ ጊዜ ረሳሁት። ሁለት ሠራተኞች ቀጥሮ ሱቅ ለመክፈት ፈቃድ የጠየቀኝን አንድ ሸማኔ «ነገ ና» እያልሁ ሦስት ጊዜ መለስሁት። በአራተኛው ቀን አልመጣም። ማመልከቻው እስከ ዛሬ ከመሳቢያዬ አለ።

የግል ድርጅትን ካፒታል የሚገድብ ዐዋጅ በ1968 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. የታወጀው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በሩን መልሶ ከፈተ። ነገር ግን ሕግ የከፈተውን በር አንድ ጸሐፊ «ነገ ና» በማለት ሊዘጋው ይችላል።

በመስኮታችን ፊት የሚቆመው ባለ ጉዳይ አንድ ሰው ብቻ መስሎ ይታየናል፤ ከኋላው ግን ፈታዮቹ፣ አናጢውና ቸርቻሪው ተሰልፈዋል።